የብረት ቀለበት

ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት የብረት ቀለበት አለች። ዋጋ የላትም፤ በመንገድ ላይ ወድቃ ብትገኝ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣት ሰው አይኖርም። እኔ ግን «ደግ የሚመስል ሰው ስለ ምን ግፍን ይደግፋል?» ብዬ ባሰብሁ ቁጥር ዓይኔ ከእርሷ ላይ ያርፋል። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህች ቀለበት ከእኔ እጅ እንዴት እንደ ገባች ልነግርህ እወዳለሁ። ታሪኩ የአንድ ሽማግሌ ኢጣልያዊና የእኔ ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ታግሠህ ብታነበው የአንተም ሊሆን የሚችል መሆኑን ታስተውላለህ። የኢጣልያንና የጀርመንን ነገር በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።

በ1955 ዓ.ም. የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ የምንኖረው በአዲስ አበባ በካዛንቺስ ሰፈር ነበር። ከቤታችን በታች አንድ አነስተኛ ጋራዥ ነበረ። ባለቤቱም በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃነቷን ስታገኝ ወደ አገራቸው ሳይገቡ ከቀሩት ባለሙያ ኢጣልያኖች አንዱ ነበሩ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልገኝም፤ እኛ የሰፈር ልጆች «ሲኞር» እንላቸው ነበር። ጣቶቻቸው በቅባት የጠቈሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጠባያቸው የለዘበ ሰው ነበሩ። ለእኛ ለልጆቹ ያረጀ ኩሽኔታ ይሰጡናል፤ እኛም ጋሪ እንሠራበታለን። የታክሲ ነጂ ገንዘብ ያጠረው እንደ ሆነ በዱቤ ይሠሩለታል፤ ዕዳውንም በመዝገብ አይጽፉትም። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ይወዳቸው ነበር፤ ከአያቴ በቀር። አያቴ በጋራዡ በር ስታልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርግ ነበር።

በዚያ ዓመት የካቲት 12 ቀን ከትምህርት ቤት ተሰልፈን ስድስት ኪሎ ወዳለው የሰማዕታት ሐውልት ሄድን። መምህራችን በ1929 ዓ.ም. በዚያች ቀን የሆነውን ነገሩን። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በቤተ መንግሥቱ ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ መጣላቸውን፣ ከዚያም የፋሽስት ፓርቲ ሹም በፈቀደው መሠረት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ሁሉ ለሦስት ቀን ያህል በከተማው ተሰማርተው ያገኙትን ሰው እንደ ገደሉ፣ ሰዎቹን ከነነፍሳቸው በየቤታቸው ውስጥ እንዳቃጠሉ አስረዱን። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። እኔም ከዚያ ስመለስ ወደ ቤት አልገባሁም፤ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድሁ።

«ሲኞር፤ እርስዎ ፋሽስት ነበሩን?» አልኋቸው።

ካቻቢቴ የያዘው እጃቸው ቆመ። ጥቂት ዝም ብለው «ነበርሁ» አሉ።

«ለምን?»

«ስታድግ ጠይቀኝ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ወደ ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኋት። «እማማ፤ ሲኞር እኮ ጥሩ ሰው ናቸው፤ እንዴት ፋሽስት ሊሆኑ ቻሉ?» ብላት፣ «ጥሩ ሰው መሆኑን በምን አወቅህ? ኩሽኔታ ስለ ሰጠህ ነውን?» ብላ ምስር መልቀሟን ቀጠለች። ወንድሟ ያን ዕለት፣ ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ድሆች ከተሰበሰቡበት ከዚያ ግቢ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀርቷል። እርሷም የሰባት ዓመት ልጇን፣ ማለትም እናቴን፣ በእጇ እየጎተተች ሌሊቱን ከመንደር ወደ መንደር ስትሮጥ ማደሯን አውቅ ነበር።

ሲኞር «ስታድግ» ያሉትን አልረሳሁም። በ1960 ዓ.ም. የ16 ዓመት ጎረምሳ ሆኜ አንድ ቀን ማታ ጋራዡ ሲዘጋ ጠብቄ ደግሜ ጠየቅኋቸው። በዚያን ጊዜ ከመሣሪያ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። አማርኛቸው የተሰባበረ ነበረ፤ እኔ አቃንቼ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከመጻሕፍት ያገኘሁትንም በየቦታው እጨምርበታለሁ።

«አባቴ በ1917 በጦርነት ሞተ» አሉኝ፤ «እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ለገበሬ ወታደሮች ስትመለሱ መሬት ይሰጣችኋል ተብሎ ነበር። አጎቴ ተመለሰ፤ መሬቱ ግን አልመጣም።»

በዚያ ጦርነት ኢጣልያ 600,000 ያህል ወታደር ሞቶባታል። ከድል አድራጊዎቹ ጋር ብትቈጠርም ሕዝቡ ተታለልን የሚል ስሜት አደረበት፤ ኑሮ ተወደደ፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰውም ሥራ አጣ። ቀድሞ የሶሻሊስቶች ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ቤኒቶ ሙሶሊኒ የፋሽስትን ማኅበር በሚላኖ ከተማ የመሠረተው በዚህ ጊዜ፣ መጋቢት 23 ቀን 1919 ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር በተደረገው ምርጫ ግን አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም። ይህን ልብ በል፤ ሕዝቡ ሰውየውን ባየው ዕለት ተከትሎት አልሄደም። ቍስሉ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ቍስል ብቻውን ሰውን ፋሽስት አያደርገውም።

ሁለተኛው ነገር ፍርሃት ነው። በ1920 በመስከረም የኢጣልያ ሠራተኞች ፋብሪካዎችን ያዙ፤ በገጠርም የቀን ሠራተኞች ማኅበር በረታ። በ1917 በሩስያ የሆነው በእኛም ላይ ይደርሳል ብለው የፈሩ ባለ ርስቶች ለጥቁር ሸሚዞቹ ገንዘብና የጭነት መኪና ሰጧቸው፤ ፖሊሱም በብዙ ስፍራ አይቶ እንዳላየ ሆነ። የሲኞር መንደር ያለው ከፖ ወንዝ ሜዳ ላይ ነበረና ይህን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል።

«በ1921 በጭነት መኪና መጡ» አሉኝ። «የማኅበሩን ሹም ከቤቱ አውጥተው በዱላ ደበደቡት፤ ከዚያም የጉሎ ዘይት በግድ አጠጡት። ሰውየው በሕዝብ ፊት ልብሱ ተበላሸ። ሰዎች ሳቁ። እኔም የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁና ሳቅሁ። ያ ሰው እኮ አባቴ ከሞተ በኋላ ለእናቴ ዱቄት ያመጣላት የነበረ ሰው ነው። ስለ ምን ሳቅሁ? ያልሳቀ ሰው ቀጥሎ ይያዛል ብዬ ፈርቼ ነው። ሳቁ ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰውየው በእርግጥ የሚያስቅ ሰው መሰለኝ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የፈራ ሰው የሚያስፈራራውንና የሚያድነውን ለመለየት ጊዜ የለውም። ይህም የደረሰው በመንደር ልጅ ላይ ብቻ አይደለም፤ በታላላቆቹም ላይ ነው። ፋሽስቶች በ1921 ምርጫ ያገኙት 35 ወንበር ብቻ ነበር። በጥቅምት 1922 ወደ ሮማ እንዘምታለን ብለው ሲነሡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉዊጂ ፋክታ ያዘጋጀውን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ንጉሡ ቪቶርዮ አማኑኤል ሦስተኛ ሳይፈርምበት ቀረ፤ ሙሶሊኒም ከሚላኖ በባቡር መጥቶ በ39 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በሚቀጥለው ወር ምክር ቤቱ በ306 ድምፅ በ116 ላይ አመነው። እንግዲህ 35ቱን ከ306ቱ ቀንስ፤ የቀሩት ድምፆች የእነማን ናቸው? ብልሆች ነን ከሚሉት፣ ይህን ሰው ልጓም አግብተን እንጋልበዋለን ካሉት ሽማግሌዎች የመጡ ናቸው። ልጓሙ ከማን አፍ እንደ ገባ ቆይተው አዩት። በ1924 የምርጫውን ማጭበርበርና ግፍ በምክር ቤቱ ፊት ያጋለጠው ጃኮሞ ማቴዎቲ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሰኔ 10 ቀን ተጠልፎ ተገደለ። በጥር 1925 ሙሶሊኒ በዚያው ምክር ቤት ቆሞ ለሆነው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ ሲል የነካው ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው እንጀራ ነው። «በ1932 የፓርቲው መዝገብ ተከፈተ» አሉ ሲኞር፤ «እኔም ተመዘገብሁ። መታወቂያው የሌለው ሰው ሥራ ማግኘት እያቃተው ሄደ። የፓርቲው ስም በሦስት ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ሕዝቡም በስውር እየቀለደ ፊደሎቹ ‹ለቤተ ሰብ ችግር ሲባል› ማለት ናቸው ይል ነበር። እኔም እየቀለድሁ ገባሁ። የሚቀልድ ሰው ያልገባ ይመስለዋል፤ ግን ገብቷል።»

አራተኛው ክብር ነው። «ጥቁሩን ሸሚዝ በለበስሁ ቀን ትከሻዬ የሰፋ መሰለኝ። እኔ የጭሰኛ ልጅ ነኝ። በፊት ከባለ ርስቱ ፊት ባርኔጣዬን አወልቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰዎች ከእኔ ፊት መንገድ ይለቁ ጀመር። ምንም አልተማርሁም፤ ምንም አልሠራሁም፤ ሆኖም ትልቅ ሰው ሆንሁ። በየግድግዳው ‹እመን፣ ታዘዝ፣ ተዋጋ› የሚል ተጽፎ ነበር። ‹አስብ› የሚል ግን አልነበረም፤ አለመኖሩንም ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።»

አምስተኛውን ሊነግሩኝ ሲሉ ከተቀመጡበት ተነሡ። የብሎን ማስቀመጫ ከሆነች ከአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይህችን ቀለበት አወጡና በመዳፋቸው ላይ አኖሩዋት።

ኢጣልያ በ1935 በጥቅምት ወር አገራችንን በወረረች ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የንግድ ማዕቀብ አደረገባት። ማዕቀቡ ነዳጅን የማይነካ ደካማ ነገር ነበረ፤ ቢሆንም ሙሶሊኒ «ዓለም ሁሉ በድሀይቱ ኢጣልያ ላይ ተነሣባት» ብሎ ለማስጮኽ በቃው። ታኅሣሥ 18 ቀን 1935 በሮማ ንግሥት ኤሌና ቀድማ የቃል ኪዳን ቀለበቷን ለጦርነቱ ሰጠች። በመላው አገሪቱ ሴቶች በሰልፍ ቆመው የወርቅ ቀለበታቸውን አወለቁ፤ በምትኩም የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ፋሽስትን የሚቃወመው ታላቁ ፈላስፋ ቤኔዴቶ ክሮቼ እንኳ የሴናተርነት ሜዳልያውን ሰጠ፤ ደራሲው ሉዊጂ ፒራንዴሎም ባለፈው ዓመት ያገኘውን የኖቤል ሜዳልያ ሰጠ።

«እናቴ ሙሶሊኒን አትወድም ነበር» አሉ ሲኞር። «ማቴዎቲ በተገደለ ጊዜ አልቅሳለች። ነገር ግን የመንደሩ ሴት ሁሉ ስትሰጥ እርሷ ብቻ ወርቅ በጣቷ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ትሄዳለች? አባቴ ያሰረላትን ቀለበት አውልቃ ሰጠች፤ ይህንንም ይዛ ተመለሰች። ያን ቀን ማታ ምንም አልተናገረችም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አጎቴ ‹ይህ ጦርነት የድሀ ልጅ መፍጃ ነው› ቢል ተነሥታ ጮኸችበት። በፊት እንዲህ የምትለው እርሷው ነበረች! ነገሩ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። ጦርነቱ ክፉ ከሆነ የአባቴ ቀለበት የሄደው ለከንቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ልትችለው አልቻለችም። ስለዚህ አመነች። በሞተች ጊዜ እኅቴ ቀለበቷን ላከችልኝ።»

እኔም ወጣት ነበርሁና ለእናታቸው ሳላዝን የልቤን ጠየቅኋቸው። «የካቲት 12 ቀን እርስዎ የት ነበሩ?»

ብዙ ዝም አሉ። «በ1936 ለመንገድ ሥራ መጥቼ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ነበርሁ» አሉ። «ጓደኞቼ ዱላና ቤንዚን ይዘው ሲወጡ ጠሩኝ። አሞኛል አልሁ። አልሄድሁም፤ ሰውም አልገደልሁም። ሌሊት ግን ከውጭ የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ ልጅም ያለቅሳል። መስኮቱን ዘጋሁ።»

ይህን ለአያቴ ነገርኋት። ያ ሰው አልገደለም፤ መስኮቱን ነው የዘጋው አልኋት። አያቴም ከሥራዋ ቀና ብላ አየችኝና «ያን ሌሊት እኔ ያንኳኳሁት መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ወደ ጋራዡ አልሄድሁም። እኔ ብሆን ኖሮ መስኮቱን እከፍት ነበር ብዬ በልቤ አምን ነበርና ፈረድሁባቸው። ይህ እምነቴ የቆየው ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

በ1963 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ውጭ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ዘመኑ የተማሪው ልብ የሚነድበት ዘመን ነበር። ስለ ጭሰኛው ችግር የምናነሣው ጥያቄ እውነተኛ ነበረ፤ ዛሬም አላፍርበትም። በስውር የምናባዛው ወረቀት ተያዘና ሦስት ጓደኞቻችን ከትምህርት ተባረሩ። «የነገረብን ማነው?» ተባለ። ከመካከላችን አንድ ከገጠር የመጣ፣ ድሀ፣ ዝምተኛ፣ ወዳጅ የሌለው ልጅ ነበረ። ጥርጣሬው በእርሱ ላይ አረፈ። ያም ያልሆነበት ምክንያት አልነበረም፤ እርሱን ለመጥላት ምንም ወጪ አያስፈልግምና።

ማታ በመኝታ ቤት ተሰበሰብን። እርሱን ከመካከል አቆሙት። ነገሩ ለሹሞቹ ደረሰ በተባለበት ሰዓት ያ ልጅ ከእኔ ጋር ባንድ መብራት ሥር እስከ እኩለ ሌሊት ሲያጠና ነበር። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። መሪያችን «ለእርሱ የሚመሰክር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ያን ጊዜ ደረሰልኝ፤ ወለሉን አየሁ። «እንግዲያስ ባንዳ ነው የምትሉ እጃችሁን አንሡ» አለ። እጆች ተነሡ። የእኔም እጅ ተነሣ።

ልጁ በነጋታው አልጋውን ጠቅልሎ ሄደ። የምነግርህ ዋና ነገር ግን ይህ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በሁለተኛው ቀን «ምናልባት ከእኔ ጋር ከመቀመጡ በፊት ተናግሮ ይሆናል» የሚል ሐሳብ መጣልኝ። በሦስተኛው ቀን «ዝምተኛ ሰው መቼም አይታመንም» አልሁ። ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ባንዳ መሆኑን ለሌሎች የማስረዳ እኔ ሆንሁ። እጄ ቀድሞ ተነሣ፤ አእምሮዬ ከኋላው እየተከተለ ምክንያት ለቀመለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለበጎ ነገር ብቻ አይደለም፤ ክፋትም እግር የሚያወጣው እንዲሁ ቀስ እያለ ነው።

ለዕረፍት አዲስ አበባ በተመለስሁ ጊዜ፣ በሰፈር ስለ አንድ ሌላ ሰው «እርሱ ባንዳ ነው» ሲባል ሰማሁና ቃሉ እንደ ጥፊ መታኝ። በእግሬ ወደ ጋራዡ ሄጄ ሁሉንም ለሲኞር ነገርኋቸው። አላጽናኑኝም፤ አልወቀሱኝምም። የቆርቆሮውን ሣጥን ከፍተው ይህችን ቀለበት በእጄ ላይ አኖሩዋት።

«ወርቁ አይመለስም» አሉኝ። «ፍርድህን ግን መመለስ ትችላለህ። እናቴ ይህን የነገራት ሰው አላገኘችም። እኔም አላገኘሁም። ልጁን ፈልገው።»

በ1964 ዓ.ም. ፈልጌ አገኘሁት፤ በአባቱ እርሻ ላይ ያርስ ነበር። ለትምህርት ቤቱ እውነቱን በጽሑፍ መናገሬን ገልጬለት ይቅርታ ጠየቅሁት። ቡና አስፈላልኝና ሰማኝ። ከዚያም «ያን ሌሊት መብራቱን ያጠፋኸው አንተ ነበርህ፤ ስለዚህ እውነቱን እንደምታውቅ አውቅ ነበር። እጆቹ ሁሉ ሲነሡ የማየው አንተን ብቻ ነበር» አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። ሲመሽ ግን እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ሲኞር በ1965 ዓ.ም. ዐረፉ።

የእኛ የተማሪዎች ስብሰባ ፋሽስት ነበረ አልልም። አንድ ልጅ ከትምህርት ማባረርና ከተማ ማቃጠል እኩል አይደሉም። ነገር ግን ዘሩ አንድ መሆኑን በገዛ እጄ ዐወቅሁ። ሰው ያመነበትን ይሰጣል ይባላል፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰው የሰጠበትንም ያምናል፤ ግፈኞች የሚያውቁት ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ አስቀድመው ትልቅ ነገር አይለምኑም። አንድ ሳቅ፣ አንድ ፊርማ፣ አንድ ዝምታ፣ አንዲት ቀለበት ይበቃቸዋል። የሰጠኸውን ለማዳን ስትል የቀረውን አንተው ራስህ አምጥተህ ትጨምርላቸዋለህ።

አንዳንድ ሰው ፋሽስትን የወለደው ረኃብ ነው ይላል። ረኃብና ሥራ ማጣት ብዙ እንደ ሠሩ የጀርመን ታሪክ ያሳያል። የሂትለር ፓርቲ በ1928 ከመቶ 2.6 ድምፅ ብቻ ነበር ያገኘው፤ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራ ባጣበት በ1932 ግን በሐምሌው ምርጫ ከመቶ 37.3 አገኘ። ሆኖም ከሥራ ፈቶቹ ብዙዎቹ ድምፃቸውን የሰጡት ለኮሚኒስቶቹ ነበር። ሂትለርን በብዛት የመረጡት ያላቸውን ጥቂት ነገር እንዳያጡ የሰጉ የትንንሽ ከተማ ነጋዴዎችና ባላገሮች ናቸው። እንግዲህ የሆድ ባዶነት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ የልብ ስጋትም አለበት። ትምህርትም ብቻውን አያድንም። በ1931 የኢጣልያ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለፋሽስት መንግሥት እንዲምሉ ታዘው፣ ከ1,200 ያህሉ መምህራን እንቢ ያሉት 12 ያህል ብቻ ናቸው። የቀሩት አላዋቂዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ «መሐላ ቃል ብቻ ነው፤ በልቤ ግን ነፃ ነኝ» ብለው እንደ ማሉ እገምታለሁ፤ እኔም እጄን ሳነሣ እንዲሁ ነበር ያልሁት።

ሐምሌ 25 ቀን 1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን በወረደ ጊዜ ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፤ የፋሽስትንም ምልክት ከየግድግዳው ፈነቀለ። ትናንት ሚሊዮኖች የፓርቲው አባሎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን «እኔ ፋሽስት ነበርሁ» የሚል ጠፋ። ሁሉም ተታለልሁ፣ ተገደድሁ አለ። ሲኞርን ያከበርኋቸው ስለዚህ ነው። ለአንድ ልጅ «ነበርሁ» ብለው መለሱ፤ መስኮቱን የዘጉትም እርሳቸው መሆናቸውን አልሸሸጉም። ይህ በደላቸውን አያጠፋውም፤ አያቴም እስክትሞት ድረስ በጋራዡ በር ስታልፍ ነጠላዋን መሳቧን አልተወችም፤ እኔም ተይ አላልኋትም። ነገር ግን በደሉን በስሙ የጠራ ሰው፣ ሌላው እንዳይወድቅበት ከጕድጓዱ አፍ ላይ ምልክት አቁሟል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሁሉ የጻፍሁልህ ከሰው እንድትለይ ወይም ማንንም እንዳታምን አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው እውነት ነው፤ ፋሽስትንም ከአገራችን ያስወጣው የአርበኞቻችን ኅብረት ጭምር ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቍስልህን አሳይተው ሰው እንድትጠላ በጠየቁህ ጊዜ ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። ቍስሌ እውነት ነው፤ ያቈሰለኝ ግን ይህ የሚያሳዩኝ ሰው ነውን? ዛሬ የሚጠይቁኝ ጥቂት ነገር ነገ ልመልሰው ብል የሚመለስ ነውን? እንቢ ብል ምን ያደርጉኛል? በሦስተኛው ጥያቄ ልብህ የደነገጠ እንደ ሆነ መልሱን አግኝተሃል፤ እንቢ ማለት የማይቻልበት ስፍራ እሺ ማለትም ዋጋ የለውም።

ምናልባት እጅህ አስቀድሞ ተነሥቶ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንነቃው ከተነሣ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ «አንዴ ሰጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምን አደርጋለሁ» አትበል። የሲኞር እናት የተሳሳተችው ወርቁን በሰጠች ዕለት ብቻ አይደለም፤ ብረቱን ወርቅ ነው ብላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ነው። ብረቱን ብረት ለማለት ግን በማንኛውም ቀን ጊዜ አለ። እጅህን አውርድ፤ የበደልኸውንም ሰው እስከ ቤቱ ሄደህ ፈልገው። ቡናውን ባያፈላልህም እንኳ ሂድ።